ልጄን ልመን ወይስ ሠራተኛዬን?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ባለትዳር ነኝ፤ አራት ዓመት ተኩል የሆናት ሴት ልጅ አለችኝ። እኔም ባለቤቴም ሥራ ስለምንውል ልጃችንን ከትምህርት ቤት ተቀብላ የምታውላት ሠራተኛችን ነበረች። ከገጠር የመጣች የሃያ ዓመት ልጅ ናት። ሁለት ዓመት አብራን ኖራለች። ከልጄ ጋር በጣም ይዋደዱ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በፊት ማታ ላስተኛት ስል ልጄ «እማዬ፣ ጨለማው ውስጥ አስገባችኝ፤ በሩን ዘጋችው» አለችኝ። ክው አልኩ። «ማናት?» ስላት የሠራተኛችንን ስም ጠራች። «የት ነው ያስገባችሽ? ቁም ሳጥን ውስጥ ነው?» አልኳት። «አዎ» አለች። «መታችሽ?» ስላት ዝም አለች። ደግሜ ስጠይቃት «አዎ» አለች።

በማግስቱ ለእናቴ ነገርኳት። መጥታ ለብቻዋ ይዛ ጠየቀቻት። «ብትደብቂኝ በርበሬ አጥንሻለሁ፤ ከነገርሽኝ ግን ቸኮሌት እገዛልሻለሁ» ብላታለች። ከዚያ ወዲህ ወሬው በየቀኑ እየጨመረ መጣ። በማማሰያ መታችኝ አለች። ምሳ ከለከለችኝ አለች። አሁን ደግሞ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ጅብ ነበር ትላለች። አክስቷም ጎረቤትም ያልጠየቃት የለም።

ሠራተኛዋን «ልጄን ለምን መታሻት?» ብዬ ስጮህባት አለቀሰች። «በእመቤቴ ማርያም፣ እጄን አንስቼባት አላውቅም» ብላ ማለች። አሁን እህቷ ጋ ሄዳለች። ደመወዟን ገና አልሰጠኋትም። እናቴ «ልጅ አይዋሽም፤ ለፖሊስ ንገሪ» ትለኛለች። ባለቤቴ ስለ ጅቡ ከሰማ ጀምሮ ይስቃል፤ «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም፤ ልጅቷን መልሻት» ይላል። እኔ እንቅልፍ አጣሁ። ልጄን ሳላምናት ብቀር ከድቻታለሁ። አምኛት ደግሞ ሐሰት ከሆነ ምስኪን ልጅ በግፍ አባርሬያለሁ። ልጄ ውሸት ለምዳ ይሆን? ምን ላድርግ?

ግራ የገባት እናት

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። በመጀመሪያ፣ ልጅሽ ያስጨነቃትን ነገር ማታ ላይ ላንቺ መንገሯ ትልቅ ነገር ነው። ታምንሻለች። አንቺም ሰማሻት። ብዙ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለው ነገር «ተኚ አሁን፣ ነገር አታብዢ» ተብሎ ያልፋል። ከዚያ በኋላ ጥያቄ ማብዛትሽም የደነገጠች እናት የምታደርገው ነው፤ ማንም አይፈርድብሽም።

እስቲ የራስሽን ደብዳቤ አብረን መልሰን እንየው። ልጅሽ ማንም ሳይጠይቃት፣ በገዛ አፏ ያለችው የቱ ነው? «ጨለማው ውስጥ አስገባችኝ፤ በሩን ዘጋችው።» ይኸው ነው። «ማናት?» ያልሻትም ጥሩ ጥያቄ ነበር፤ ስሙን ያወጣችው እሷ ናት። ቁም ሳጥንን ግን መጀመሪያ ያነሳሽው አንቺ ነሽ። መመታትንም እንደዚሁ። እንዲያውም መጀመሪያ ዝም ነበር ያለችው፤ «አዎ» የመጣው ደግመሽ ስትጠይቂያት ነው። ማማሰያውና ምሳው ከየትኛው ጥያቄ በኋላ እንደመጡ አንቺም የምታውቂ አይመስለኝም፤ አያቷ፣ አክስቷና ጎረቤቱ ምን ብለው እንደጠየቋት አልሰማሽምና።

ስለዚህ ሁሉንም ጠቅልለሽ «ልመን ወይስ አልመን» አትበይ። የመጀመሪያዋን ንግግር ለብቻ አስቀምጫት። እሷ የልጅሽ ናት። ከዚያ በኋላ የመጣው የልጅሽና የጠያቂዎቿ ድብልቅ ነው።

ይህንን የምልሽ እንዲሁ ከመሬት ተነስቼ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1995 ሚሼል ላይክትማን እና ስቲቨን ሴሲ የተባሉ ተመራማሪዎች አሜሪካ ውስጥ ያወጡት ጥናት አለ። ሳም ስቶን የተባለ እንግዳ ሰው ወደ ሕፃናት መዋያ ይገባል። ሁለት ደቂቃ ያህል ቆይቶ፣ ሰላም ብሎ ይወጣል። ምንም አልሰበረም፣ ምንም አልነካም። ለአንዳንዶቹ ልጆች ግን ሰውዬው ከመምጣቱ በፊት «ሳም እኮ ቀዥቃዣ ነው፤ የነካውን ሁሉ ያበላሻል» እየተባለ ተወርቶላቸዋል። ከሄደ በኋላ ደግሞ በአሥር ሳምንት ውስጥ አራት ጊዜ «ሳም መጽሐፉን የቀደደው ተናዶ ነው ወይስ ሳያስበው?» ዓይነት ጥያቄ ተጠየቁ። በመጨረሻ ሌላ ሰው መጥቶ የሆነውን ሲጠይቃቸው፣ ከሦስትና አራት ዓመት ልጆቹ 72 በመቶው ሳም መጽሐፉን ቀዷል ወይም አሻንጉሊቱን አቆሽሿል አሉ። 44 በመቶው በዓይናችን አይተናል አሉ። «እውነት አይተሃል?» ተብለው በእርጋታ ሲፈተኑ እንኳ 21 በመቶው ከቃላቸው ንቅንቅ አላሉም።

በጣም የከበደኝ ቀጥሎ የሆነው ነው። ተመራማሪዎቹ የልጆቹን ቪዲዮ በሙያው ለሚሠሩ ሰዎች አሳዩ። ባለሙያዎቹ የትኛው ልጅ የሆነውን፣ የትኛው ያልሆነውን እንደሚናገር መለየት አቃታቸው። ልጆቹ እየዋሹ አልነበረማ። ተደጋግሞ የሰሙት ነገር ካዩት ጋር ተቀላቅሎባቸው ነው። በዚያ ዕድሜ አንድን ነገር ማወቅ አይከብድም፤ «ይህንን አየሁት ወይስ ሰው ነገረኝ?» ብሎ መለየት ግን ይከብዳል። ልጅሽ ውሸት ለምዳ እንደሆነ ጠይቀሻል። ከጻፍሽልኝ ነገር ውስጥ አንዱም ይህንን አያሳይም።

ደግሞስ ልጅ ለምንድን ነው «አዎ» የሚለው? እ.ኤ.አ. በ1980 ሂዩዝ እና ግሪቭ የተባሉ ተመራማሪዎች የአምስትና የሰባት ዓመት ልጆችን «ወተት ከውሃ ይበልጣል?» «ቀይ ከቢጫ ይከብዳል?» እያሉ ጠየቁ። ትርጉም የሌላቸው ጥያቄዎች ናቸው። ልጆቹ ግን «ጥያቄው አልገባኝም» ከማለት ይልቅ በአብዛኛው መልስ ሰጡ፤ ምክንያትም የጨመሩ ነበሩ። ትልቅ ሰው ከጠየቀ መልስ አለው ብለው ያምናሉ። ያው ጥያቄ ከተደገመባቸው ደግሞ «የመጀመሪያው መልሴ ስህተት ነበር ማለት ነው» ብለው ይለውጡታል። እኛ አገር ደግሞ ልጅ ታላቁን «አይደለም» እንዲል ስንት ጊዜ እንፈቅድለታለን? ዝም ብላ የነበረች ልጅ ስትደገምባት «አዎ» ማለቷ ብዙም አይገርመኝም።

ስለ በርበሬውና ስለ ቸኮሌቱም ሳልናገር አላልፍም። እ.ኤ.አ. በ1983 ካሊፎርኒያ ውስጥ የማክማርቲን መዋዕለ ሕፃናት ሠራተኞች ሕፃናትን በድለዋል ተብለው ተወነጀሉ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ልጆች ተጠየቁ። ጉዳዩ ሰባት ዓመት ፈጅቶ እ.ኤ.አ. በ1990 አንድም ሰው ሳይፈረድበት ተዘጋ። ዋናው ችግር የልጆቹ አጠያየቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 ጋርቨን እና ባልደረቦቿ ያንኑ አጠያየቅ ወስደው ሞከሩት፦ ጠያቂው የሚፈልገውን መልስ ሲሰጡ ማሞገስ፣ ካልሰጡ ቅር መሰኘት፣ «ሌሎቹ እኮ ነግረውኛል» ማለት። አምስት ደቂቃ እንኳ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ልጆቹ ስላልተደረገ ነገር ከተጠየቁት ለ58 በመቶው «አዎ» አሉ። ያለ ሙገሳና ያለ ጫና፣ መልሱን በሚጠቁም ጥያቄ ብቻ የተጠየቁት ልጆች «አዎ» ያሉት ለ17 በመቶው ነበር። እናትሽ በቅንነት፣ ለልጅ ልጃቸው ተቆርቁረው ነው ያደረጉት። የልጅቷ አንደበት የተበላሸው ግን ያኔ ይመስለኛል። ማስፈራራትም እውነት አያወጣም። ቪክቶሪያ ታልዋር እና ባልደረቦቿ ካናዳ ውስጥ ባደረጉት ጥናት ትቀጣላችሁ የተባሉ ልጆች እውነቱን የመናገር ዕድላቸው ቀንሶ ነበር የተገኘው።

እንግዲህ ባልሽ «አላልኩም?» ይል ይሆናል። ቆይ። በሳም ስቶን ጥናት ውስጥ ቀድሞ ምንም ያልተወራላቸው፣ በኋላም ያለ ተንኮል የተጠየቁ ልጆች ነበሩ። እነሱ በራሳቸው ቃል ሲያወሩ ያልሆነ ነገር የጨመሩት እጅግ ጥቂት ናቸው። ሌላ ጥናት ልጨምርልሽ። ሃመንድ እና ፊቩሽ የተባሉ ተመራማሪዎች በሦስትና በአራት ዓመታቸው ዲዝኒ ወርልድ የተባለው የአሜሪካ መዝናኛ ቦታ የተወሰዱ ልጆችን ከ6 ወይም ከ18 ወር በኋላ ጠየቋቸው። ልጆቹ ብዙ ነገር ያስታውሱ ነበር። የአራት ዓመት ልጅ ማስታወስ ትችላለች። ሲጠይቋት የምታወራው አጭር ነው እንጂ። ልጅሽ ሳትጠየቅ ያመጣችው አጭር ንግግር ስለሆነ ነው በቁም ነገር የምወስደው።

ጅቡም ያንን ንግግር አያፈርሰውም። ልጅን ለማስፈራራት «ጅብ ይበላሻል» የማይባልበት ቤት ስንት ነው? ምናልባት በሩ ሲዘጋ የተባለላት ነገር ይሆናል። ምናልባት ጎረቤት ሲጠይቃት የመጣ ነው። ምናልባት ፈርታ የሣለችው ነው። ሦስቱም ይቻላል። ጅቡ ስለሌለ በሩም አልተዘጋም ማለት ግን አይቻልም።

አሁን አንድ ልብ ያልሽው የማይመስለኝ ነገር አለ። ሠራተኛሽ ምን ብላ ነው የማለችው? «እጄን አንስቼባት አላውቅም።» አንቺ የጠየቅሻት ስለ መምታት ነዋ። ስለ በሩ የጠየቃት ሰው አለ? ከደብዳቤሽ አላገኘሁም። ምናልባት ልጅሽም ሠራተኛሽም እውነታቸውን ይሆናል። መብራት በጠፋበት ቀን መኝታ ቤት አስተኝታት በሩን ገርበብ ልታደርግ ብላ ዘግታው ሊሆን ይችላል። አላስቀምጥ ስትላት ለመቅጣት መታጠቢያ ቤት አስገብታ ዘግታባትም ሊሆን ይችላል፤ ይህ ደግሞ ቀላል ጥፋት አይደለም። የትኛው እንደሆነ አላውቅም። አንቺም እስካሁን አታውቂም።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ልጅሽ ከተኛች በኋላ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዢ። የመጀመሪያውን ቀን ያለችውን ቃል በቃል ጻፊ። ከዚያ ማን፣ መቼ፣ ምን ብሎ ጠየቃት፣ እሷስ ምን አለች? እናትሽንና አክስቷንም ደውለሽ ጠይቂያቸው። ነገ ዛሬ አትበይ። ብሩክ፣ ሴሲ እና ፍራንኩር እ.ኤ.አ. በ1999 እናቶችን ከአራት ዓመት ልጆቻቸው ጋር አነጋግረው ከሦስት ቀን በኋላ ስለ ንግግሩ ጠየቋቸው። እናቶቹ ጠቅላላ ሐሳቡን አስታወሱ። የትኛውን ልጄ በራሷ አለችው፣ የትኛውን እኔ ጠይቄ አለችው የሚለው ግን ጠፍቶባቸዋል። አንቺ ሦስት ሳምንት አልፎሻል፤ ስለዚህ የቀረውን አታስጠፊው። ነገሩ ወደ ሐኪም ወይም ወደ ፖሊስ ቢሄድም ያ ወረቀት ትልቅ ጥቅም ይሰጣል።

ቀጥሎ ጥያቄው ይቁም። የሁሉም ሰው። እናትሽን «እማዬ፣ ልጅቷ እየተጨነቀች ነው፤ ከእንግዲህ እኔ ብቻ ልያዘው» በያቸው። ባለቤትሽንም ስለ ጅቡ ልጅቷ እየሰማች እንዳይስቅ ለምኚው። ሌላ ጊዜ የሚያስፈራት ነገር ሲደርስባት የተሳቀባትን አትረሳም። እሷንም አንድ ጊዜ፣ በእርጋታ «በርበሬ የሚያጥንሽ የለም፤ የነገርሽኝን ሰምቻለሁ፤ ማንም አልተቆጣሽም» በያት። ከዚያ ተይው። ራሷ ካነሳችው ሥራሽን አቁመሽ አጠገቧ ተቀመጪ። «እስቲ ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪኝ» በያት። «ከዚያስ?» በያት። በቃ። «መታችሽ? ቆለፈችብሽ?» አይባልም። ካላወቀች «አላውቅም» ማለት እንደምትችል ንገሪያት። ዝም ካለችም ዝምታውን አትሙይላት። ማይክል ላም እና ባልደረቦቹ ለሕፃናት መርማሪዎች ያዘጋጁት፣ እስራኤልን ጨምሮ በብዙ አገሮች የሚሠራበት መመሪያም ዋና ነገሩ ይኸው ነው፤ የሚናገረው ልጁ ነው፣ ጠያቂው መልስ አያቀብልም።

ይህንን አነጋገር በደስታ ነገር ላይ ብትለማመዱት ደግሞ እጅግ ጥሩ ነው። ማታ ላይ «ባለፈው እሑድ አያትሽ ቤት ምን ምን አደረግን?» በያትና አስወሪያት። «ዶሮዋ ስታመልጥ ከዚያ ምን ሆነ?» እያልሽ አብረሽ አስፊው። ሮቢን ፊቩሽ እና ኢሌይን ሪስ ለዓመታት እንዳጠኑት፣ ስላለፈ ነገር ሰፋ አድርገው የሚያወሩ እናቶች ልጆች የራሳቸውን ትዝታ ከሌሎቹ ይልቅ በዝርዝር መናገር ይለምዳሉ። ይህ ለትምህርቷም ይጠቅማታል። የሆነ ሰው አንድ ቀን ቢነካት ደግሞ አፍ ይኖራታል።

ቤቱንም ዞር ዞር ብለሽ እይው። ቁም ሳጥኑ ልጅ ያስገባል? ከውጭ ይዘጋል? ከውጭ መቀርቀሪያ ያለው በር የቱ ነው? ሰውነቷን ስታጥቢያት ያልለመድሽው ምልክት አይተሻል? ሽንት ቤት ስትሄድ ያማታል? ማታ መሽናት ጀምራለች? ልብሷን ስታወልቂላት ትፈራለች? ከእነዚህ አንዱ እንኳ ካለ የእኔን ጽሑፍ እዚህ ላይ ተይውና ሐኪም ጋ ውሰጃት። ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ውስጥ ጥቃት ለደረሰባቸው ሴቶችና ሕፃናት ሕክምናውንና የሕጉን ጉዳይ አንድ ቦታ የሚያዩ ሰዎች አሉ። ያኔም ጥያቄውን ለእነሱ ተዪላቸው። እናትሽ ስለ ፖሊስ ያሉትን የማነሳው እዚህ ላይ ነው። ምልክት ካለ፣ ወይም ልጅሽ ሳትጠየቅ በራሷ ስለ ጉዳት ከተናገረች፣ ፖሊስ ጋ መሄድ ተገቢ ነው። አሁን በእጅሽ ባለው ብቻ ግን ሃያ ዓመት ያልዘለለች ልጅ እንድታስሪ አልመክርሽም።

ከሠራተኛሽ ጋርም ቁጭ ብለሽ ማውራት አለብሽ። ብቻሽን፤ እናትሽም ባልሽም ሳይኖሩ። መጀመሪያ ደመወዟን ስጫት። ሁለት ወር ሆነ ሦስት ሳምንት፣ የሠራችበት ነው፤ ከዚህ ጉዳይ ጋር አይያያዝም። ቀጥለሽ «ስለ ጮህኩብሽ ይቅርታ፤ ደንግጬ ነው» በያት። ከዚያ ከልጅሽ ጋር እንደምታደርጊው ጠይቂያት፦ «ከሰዓት ከልጅቷ ጋር እንዴት ነው የምትውሉት? ስታስቸግርሽ ምን ታደርጊያለሽ? ስለ በርና ስለ ጨለማ የምታስታውሺው ነገር አለ?» ዝም ብለሽ ስሚያት። ልጅሽን ወደዚህ ውይይት አታምጫት፤ ፊት ለፊት ማጋጠም ለሁለቱም ቅጣት ነው።

«አዎ፣ አንድ ቀን አልቅሳ አስቸግራኝ ዘግቼባት ነበር» ብትልሽስ? እኔ ብሆን፣ እንዲህ በግልጽ የተናገረችን ልጅ በአንዴ አላባርርም። እሷም ምናልባት እንዲያ ተቀጥታ ነው ያደገችው። ልጅ ጨለማ ውስጥ እንደማይዘጋበት፣ በጅብም በሰውም እንደማይስፈራራ በግልጽ ተነጋግራችሁ፣ መጀመሪያ ላይ እናትሽ ቤት እየዋሉ መሞከር ይቻላል። ግን የልጅሽን ፊት እይ። ስሟ ሲነሳ ትፈልጋታለች ወይስ ትሸማቀቃለች? ከተሸማቀቀች፣ ወይም አንቺ ራስሽ ቢሮ ተቀምጠሽ ልብሽ የማያርፍ ከሆነ፣ መለያየቱ ይሻላል። ያኔም በክብር ሸኛት። ለደላላውም ለጎረቤትም «ልጅ ታሰቃያለች» ብለሽ አትናገሪ፤ ያላረጋገጥሽው ስም ሌላ ቤት እንዳትገባ ያደርጋታል። እስካሁን የሰሙ ጎረቤቶች ካሉም «ያላጣራሁትን ነው ያወራሁት» ብትያቸው መልካም ነው።

ሙሉውን በፍጹም ላታውቂው ትችያለሽ። ይህ ከባድ ነው፤ አውቃለሁ። ልጅሽን ለመጠበቅ ግን ሁሉን ነገር ማወቅ አይጠበቅብሽም። የሚቀጥሉትን ሳምንታት ማን እንደሚቀበላት ዛሬ ከባለቤትሽ ጋር ወስኑ። እናትሽ ጥያቄውን ለማቆም ቃል ከገቡ እሳቸው ጋ ብትውል ጥሩ ነው። ወረቀቱን ዛሬ ማታ ጻፊ። ሠራተኛሽን በዚህ ሳምንት አግኚያት፤ ደመወዟን ግን እስከዚያ አታቆዪው፣ ነገ ጠዋት ላኪላት።